ምዕራፍ ስድስት፦ ሲሄዱ ሩቅ፣ ሲመለሱ ቅርብ

«ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው አንድ ቁጥር ይጠራል። ቁጥር ከመጥራቱ በፊት ግን «ለመሄድ ነው ለመመለስ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይደርሳል። ከቦሌ ወደ ደለስ የሚሄደው ግን ለብዙ ዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል፤ አንድ ሰሞን ሮም፣ በኋላ ደግሞ ደብሊን። ማረፊያው ሲታከልበት ጉዞው 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆናል። ከተሞቹ ያው ናቸው፤ አውሮፕላኑም ብዙ ጊዜ ያው ነው።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ አሜሪካ ካሉት ሁሉ የሚበዛው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይኖራል። ስለዚህ ይህን መስመር የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው፤ መሄጃው ለምን ከመመለሻው እንደሚረዝም የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ስንፈታው አንድ ነገር ይገለጥልናል፦ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን ኪሎ ሜትር የሚወስነው የምድር ቅርጽ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስኑት ግን ነፋስ፣ የመነሻው ኤርፖርት ከፍታ እና ሰማዩን የያዙ መንግሥታት ናቸው።

ክሩን ግሎብ ላይ መወጠር

ከኪሎ ሜትሩ እንጀምር። የጂኦግራፊ መምህር ክፍል ይዞት የሚገባውን ግሎብ ያገኘ ሰው የአንድ ክር ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ዋሽንግተን ላይ ይዞ ይወጥረው። ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ይተኛል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ያቀናና ጎጃምን ያቋርጣል፤ ከካርቱም በስተደቡብ አልፎ የሱዳንን በረሃ ይሰነጥቃል፤ ሊቢያን ከደቡብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቋርጦ በደቡብ ቱኒዝያና በአልጄሪያ በኩል ሜድትራንያን ባሕር ይደርሳል። በስፔኗ አልሜሪያ አካባቢ አውሮፓን ይረግጥና ከሊዝበን ሰሜን በፖርቱጋል ጠረፍ ይወጣል። ከዚያ አትላንቲክ ነው። ውቅያኖሱን ጨርሶ አሜሪካን የሚያገኘው በማሳቹሴትስ ጠረፍ ባለችው ናንተኬት ደሴት አካባቢ ሲሆን፣ በኒው ጀርሲ በኩል ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ርዝመቱ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ደግሞ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ጠፍጣፋ የዓለም ካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድመን በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥ ያለ መስመር እናስምር። መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ ያልፋል፤ አውሮፓን ጨርሶ አያያትም። ለዓይን ከክሩ ይልቅ እሱ ቀጥተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲለካ ወደ 12,080 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ረጅም ሆኖ ይገኛል። ዓይናችንን የሚያታልለው እ.ኤ.አ. በ1569 ፍላንደርሳዊው ጌራርዱስ መርካቶር የሠራው የካርታ ዓይነት ነው። መርካቶር ካርታውን ያዘጋጀው ለመርከበኞች ነበር። መርከበኛ ኮምፓሱን በአንድ አቅጣጫ አጽንቶ የሚሄድበት መንገድ በካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እንዲታየው ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት ካርታው ከምድር ወገብ የራቁትን አገሮች እየለጠጠ ማሳየት ነበረበት። በተለጠጠ ካርታ ላይ ደግሞ አጭሩ መንገድ ቀስት ሆኖ ይታያል።

ይህን ከተረዳን የደብሊን ማረፊያ መጀመሪያ እንደሚመስለው እብድ መንገድ አይደለም። ከአዲስ አበባ ደብሊን ወደ 6,370፣ ከደብሊን ደለስ ደግሞ ወደ 5,460 ኪሎ ሜትር ነው። ድምሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው። በሮም በኩል ቢሆን ጭማሪው ወደ 150 ይወርዳል። በአንጻሩ አንዳንድ የአሜሪካ በረራዎች የሚያርፉባት ሎሜ በጠፍጣፋው ካርታ ላይ መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች፤ በእርግጥ ግን ወደ ዋሽንግተን ለሚሄድ ሰው 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ታስረዝማለች። ሎሜ የምትመረጠው የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ ለመሰብሰብ ነው፤ መንገድ ለማሳጠር አይደለም።

ነፋሱ ለማን ያደላል?

በዚህ መስመር ላይ የሚበር ቦይንግ 787 ወይም ኤርባስ ኤ350 ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። ይህ ፍጥነት ግን አውሮፕላኑ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር የሚጓዝበት ነው። አየሩ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከመሬት አንጻር ያለው ፍጥነት ይቀየራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላ ከገፋ 980 ይሆናል፤ ከፊት ከገጠመ 820።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ የተሳሳተ ማብራሪያ አለ። መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ከተማይቱ ወደ እሱ ትመጣለታለች፣ ስለዚህም ቶሎ መድረስ ነበረበት ይባላል። እውነቱ ግን አየሩም ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ያለች ዝንብ ከሹፌሩ ወደ ኋላ ወንበር ስትበር የአስፋልቱ ፍጥነት አይነካትም፤ በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው አየር አብሮ እየሄደ ነውና። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ለእሱ ልዩነት የሚያመጣው የመሬት መዞር ሳይሆን አየሩ ከመሬት እየቀደመ ወይም እየዘገየ መንፈሱ ነው።

ከመሬት ቀድሞ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ አየር ደግሞ አለ። ከምድር ወገብ አካባቢ ሞቆ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ወደ ዋልታዎቹ ሲገሠግሥ በምድር ወገብ የነበረውን የምሥራቅ ፍጥነት ይዞ ይሄዳል። በሞቃቱና በቀዝቃዛው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋበት ቦታ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚጎርፍ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ ጅረት ይፈጠራል። ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም 300ን ያልፋል። በሰሜኑ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ የሙቀቱ ልዩነት ስለሚሰፋ ጅረቱ ይበረታል። በእነዚያ ወራት በሰሜን አፍሪካና በቀይ ባሕር ላይም የዚሁ ዘር የሆነ ሌላ ጅረት ያልፋል።

ጅረቱን ቀድሞ የለካው ጃፓናዊው የሜትዎሮሎጂ ባለሙያ ዋሳቡሮ ኦይሺ ነበር። በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ የከፍታውን ነፋስ መዘገበና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1926 ዓለም እንዲያነብለት በኤስፔራንቶ ቋንቋ አሳተመ። ኤስፔራንቶ የሚያነብ የአየር ጠባይ ባለሙያ ግን እምብዛም አልነበረም። ከ18 ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጃፓን ላይ ከፍ ብለው ሲበሩ ጅረቱ ውስጥ ገቡ፤ ቦምባቸውም ዒላማውን ሳተ። ጅረቱ ምን ያህል ሊገፋ እንደሚችል የታየው ደግሞ እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ነው። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ፤ ከመሬት አንጻር ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር።

ይህን ወደ እኛ መስመር እናምጣው። ነፋስ ባይኖር 11,560 ኪሎ ሜትር በ900 ፍጥነት 12 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ይፈጃል። በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሁልጊዜ ከምዕራብ ይመጣል ብለን እናስብ። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ 11 ሰዓት ከ48 ደቂቃ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን 14 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ነፋሱ በአንድ በኩል የወሰደውን በሌላ በኩል ሙሉ በሙሉ እንደማይመልስም ልብ ይሏል፤ ደርሶ መልሱ ነፋስ ከሌለበት ቀን በ12 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። አውሮፕላኑ ነፋስ በሚጎዳበት አቅጣጫ ብዙ ሰዓት፣ በሚጠቅምበት አቅጣጫ ጥቂት ሰዓት ስለሚቆይ ሒሳቡ እኩል አይወጣም።

የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በየቀኑ የሚለዋወጡ የበረራ መስመሮች ይዘረጋሉ። ወደ ምዕራብ የሚሄዱት ከጅረቱ እንዲሸሹ፣ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱት ጅረቱን እንዲጋልቡ ተደርገው ነው። ለዚህ ነው ዛሬ የሄዱበትን መንገድ በሚቀጥለው ሳምንት ስክሪኑ ላይ የማያገኙት። አንዳንዴ 300 ኪሎ ሜትር መዞር በሰዓት ሲሰላ ቀጥታውን ከመሄድ ይፈጥናል።

ቦሌ ላይ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት

ነፋሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሄጃው በሁለት ሰዓት ይረዝም ነበር እንጂ ደብሊን ላይ ማረፍ አያስፈልግም ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከመነሻው ይጀምራል።

ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ስለሚያንስ ኃይሉ ይቀንሳል። ክንፉም የሚያነሳው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ መፍጠን አለበት። በባሕር ዳርቻ ኤርፖርት በሰዓት 290 ኪሎ ሜትር ሲደርስ የሚነሳ አውሮፕላን ቦሌ ላይ ወደ 335 መድረስ ይኖርበታል። በደከመ ሞተር የበለጠ ለመፍጠን ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። የጎማውም ነገር አለ፤ የብዙ ትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ የሚፈቀድለት ፍጥነት በሰዓት ወደ 378 ኪሎ ሜትር ነው። ከሁሉ የሚጠብቀው ሕግ ደግሞ፣ ልክ ከመነሳቱ በፊት አንድ ሞተር ቢጠፋ እንኳ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ወጥቶ በዙሪያው ያለውን መሬት በሰላም ማለፍ መቻል አለበት ይላል። የአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ እንጦጦና የረር ናቸው።

ይህን ሁሉ ለማሟላት የቀረው ዘዴ ክብደት መቀነስ ነው። ቦይንግ 787-8 በጥሩ ሁኔታ እስከ 228 ቶን ገደማ ሆኖ መነሳት ይችላል፤ ቦሌ ላይ ይህ አይፈቀድለትም። የሚቀነሰው መንገደኛ፣ ጭነት ወይም ነዳጅ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት ወደ 5 ቶን ነዳጅ ይፈጃል። ቅድም ያሰላነው የነፋስ ልዩነት፣ ያ ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ብቻውን 11 ወይም 12 ቶን ነው። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢመዝን፣ ይህ የ110 ወይም የ120 ሰው ቦታ ማለት ነው። እንዲህ ያለ በረራ ገበያ አያወጣም። ስለዚህ አየር መንገዱ ሰዉንና ሻንጣውን ሙሉ ጭኖ ነዳጁን በከፊል ይዞ ይነሳል፤ ቀሪውን እንደ ደብሊን ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል ማረፊያ ይቀዳል። የምሽትና የሌሊት በረራዎች የሚመቹበት አንዱ ምክንያትም ከዚሁ ይመነጫል፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይጠቀጠቃል፣ ክንፉም የተሻለ ይይዛል።

ከደለስ የሚነሳው ግን ሁለቱም ዕድል አብሮት ነው። ወፍራም አየር ውስጥ ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጁን ፈጅቶ ቀሎ ስለሚያርፍ ከፍታው እምብዛም አያስቸግረውም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2012 አየር መንገዱ ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የመጀመሪያው 787 አገሩ የገባው በዚሁ አቅጣጫ፣ ከደለስ ተነስቶ ነበር።

ሰማይም ባለቤት አለው

ክሩ ሱዳንንና ሊቢያን ሲያቋርጥ ማንንም አላስፈቀደም። አውሮፕላን ግን ያስፈቅዳል። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመውና ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጽ፣ እያንዳንዱ አገር በግዛቱ ላይ ባለው ሰማይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። አገሩ ማሳለፊያ ክፍያ ይጠይቃል፤ ሲፈልግ ይዘጋል፤ ጦርነት ሲነሳም መንገደኛ የጫነ አውሮፕላን የሚደፍረው አይደለም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያው ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ለሲቪል በረራ ተዘጋ። ለአዲስ አበባ ይህ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚያወጣው ዋና በር ነበር። በረራዎቹ በቀይ ባሕር፣ በሳዑዲና በግብፅ በኩል እየዞሩ ማለፍ ነበረባቸው። ሊቢያም ከዚያ በፊት ለዓመታት አየር መንገዶች የሚሸሿት ሰማይ ነበረች። ዙሩ የሚጨምረው እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ሁለት ቶን ተኩል ያህል ነዳጅ ነው፤ ያ ነዳጅ ደግሞ መጫን ያለበት ክብደት በሚቆጠርበት ቦሌ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ አንዱ ችግር ሌላውን የሚያባብሰው እንዲህ ነው።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓት

ትኬቱ ላይ ያለው የጉዞ ርዝመት አየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ከቆመበት በር ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ አንስቶ በመድረሻው በር እስኪቆም ድረስ ያለው ነው። ወደ መንደርደሪያ ማዝገሙ፣ ተራ መጠበቁ፣ ቀስ እያለ መውጣትና መውረዱ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳሉ። አየር መንገዶች በዚያ ላይ ትንሽ ማካካሻ ይጨምራሉ፤ «ቀድመን ደረስን» የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለዚህ ነው።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓቱን ቀንሶ የጉዞውን ርዝመት ለማወቅ የሚሞክር ሰው ግን ይሳሳታል፤ ሁለቱም በየአገራቸው ሰዓት የተጻፉ ናቸውና። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በመጋቢት ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ገፍተው በኅዳር መጀመሪያ ይመልሱታል፣ እኛ አንነካውም። ለምሳሌ በሐምሌ ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቦሌ የሚደርስ በረራ ሲታይ 20 ሰዓት ይመስላል። ሰባቱን ስንቀንስ 13 ይቀራል። ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ ሌላ እርምጃም አለ፦ 11:00 በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ 07:00 ደግሞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ነው። ትኬቱ «በ10 ቀን፣ 00:30» ካለ በእኛ አነጋገር በ9ኛው ቀን ከመሸ በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሌሊቱን ካለፈው ቀን ጋር መቁጠር የለመደ ሰው በ10ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ጠቅልሎ ኤርፖርት ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። እንዲህ ያለ ትኬት የያዘ ሰው ቀኑን በአንድ ቀንሶ «የዚያን ዕለት ማታ እወጣለሁ» ብሎ ቢጽፍ ይበጀዋል።

ለማንኛውም ሁለት ከተማ

እስካሁን ያየነው ለሌላም መስመር ይሠራል። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በግሎብ ላይ ለክቶ ለ850 ወይም ለ900 አካፍሎ 40 ደቂቃ መደመር መነሻ ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ ሦስት ጥያቄዎች ይከተላሉ፦ አቅጣጫው ወዴት ነው? መነሻው ምን ያህል ከፍ ያለ ነው? በመካከል የተዘጋ ሰማይ አለ ወይ?

በአዲስ አበባና በቴል አቪቭ እንፈትነው። ርቀቱ ወደ 2,590 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለ850 ሲካፈል ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ 40 ደቂቃ ሲታከል ከአራት ሰዓት ጥቂት ያነሰ። አቅጣጫው ደቡብና ሰሜን ስለሆነ የምዕራቡ ነፋስ ባብዛኛው ከጎን ይመታል እንጂ አንዱን መንገድ ጠቅሞ ሌላውን ብዙ አይጎዳም። ርቀቱም አጭር ስለሆነ ቦሌ ላይ ብዙ ነዳጅ መጫን አያስፈልግም። ሄደውም ተመልሰውም ጊዜው ተቀራራቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። በዋሽንግተኑ መስመር ላይ ግን ሦስቱም ጥያቄዎች መሄጃውን የሚጎዳ መልስ ያገኛሉ፤ ልዩነቱን ያን ያህል ያሰፋው የሦስቱ መደራረብ ነው።

ከሦስቱ ሰው ሊለውጣቸው የሚችለው ሁለቱን ነው። ሰማይ በስምምነት ይከፈታል። ከፍታውን ደግሞ በመሸሽ ማሸነፍ ይቻላል። አየር መንገዱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ ያቀደው አዲስ ኤርፖርት የሚያርፍበት አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ በዚያው ልክ ስለሚወፍር አውሮፕላኑ ብዙ ቶን ጨምሮ መነሳት ይችላል፤ መንገድ ላይ ወርዶ መቅዳትም ላያስፈልገው ይችላል። ነፋሱ ግን የሚለወጥ አይደለም። ያን ጊዜም ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን መሄድ ከመመለስ ይረዝማል፤ ልዩነቱ ግን ከሦስት አራት ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ያ ሁለት ሰዓት ንጹሕ የነፋስ ድርሻ ነው።